ቦርከና ላይ የሚያምር የእግረኛ ድልድይ ለመንደፍ

ኮምቦልቻ ለቦርከና ወንዝ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የኖረችው። ሱቁም፣ ሆቴሉም ፊቱን ያዞረው ወደ አስፋልቱ ነው። ከደሴ የሚወርደው፣ ወደ ባቲ የሚታጠፈው፣ ወደ ከሚሴ የሚቀጥለው መንገድ ከተማዋን አሳደጋት። ወንዙ ጓሮ ቀረ። አሁን ከተሞቻችን ወንዛቸውን መለስ ብለው ማየት ጀምረዋል፤ ጥሩ ነው። ወንዝ ዳር መሄጃና መቀመጫ ይሠራ ሲባል ግን ወዲያው የሚከተል ጥያቄ አለ፦ ሰው እንዴት ይደርስበታል?

ይህን የጻፍኩት ለማዘጋጃ ቤት ባለሙያ፣ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ፣ እንዲሁም ከአማካሪው ጋር ቁጭ ብሎ መጠየቅ ለሚፈልግ የሰፈር ኮሚቴ ነው። ስሌቱን ፈቃድ ያለው የስትራክቸር መሐንዲስ ይሠራዋል። እኔ የማወራው ከስሌቱ በፊት መወሰን ስላለበት ነገር ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የእግረኛ ድልድይ የሚያምረው ሰው ሳይቸገር ሲወጣበትና ሳይቸገር ሲወርድበት ነው። ስለዚህ ንድፉ ከሁለቱ ጫፎች ይጀምር። ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። መሃሉ ላይ ትልቅ ቅስት እንሥላለን፣ ከዚያ መውጫና መውረጃ እንፈልግለታለን።

1. እግር ተከተሉ

ወረቀት ሳታወጡ ወንዙ ዳር ውረዱ። በበጋ ውሃው ሲቀጥን ሰው ድንጋይ እየረገጠ ይሻገራል። የሚሻገርበት ቦታ ያስታውቃል፤ ሣሩ ተረግጦ አልቋል፣ ዳገቱ ላይ የእግር ቦይ ተሠርቷል። ድልድዩ ከዚያ አቋራጭ በራቀ ቁጥር ተጠቃሚው ይቀንሳል።

ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ። በገበያ ቀን፣ በሥራ ቀን ማለዳ፣ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት። ብዛቱን ብቻ አትጻፉ፤ ምን እንደያዙም ጻፉ። ጄሪካን፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ የታዘለ ልጅ፣ የሚገፋ ብስክሌት፣ የተጫነ አህያ። አህያ ይለፍ ወይስ አይለፍ የሚለውን ዛሬውኑ ወስኑ። እኔ ይለፍ ባይ ነኝ። ብትከለክሉትም ማለፉ አይቀርም፤ ወለሉና አጥሩ ይህን ታሳቢ ቢያደርግ ይሻላል።

ስፋቱ ከዚህ ቆጠራ ይወጣል። 2 ሜትር ያሳልፋል፣ ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን እያወራ ሲሄድ ከፊት የመጣው ጥግ ይይዛል። እንደ ኮምቦልቻ ላለ ከተማ እኔ ከ3 ሜትር አልወርድም። ቀብር አስቡ። አስከሬን የተሸከሙ ሰዎች ግራና ቀኝ ሆነው ሲያልፉ፣ አጃቢው ከጎን ሲሄድ፣ 2 ሜትር መተፋፈግ ነው። 3 ሜትር ሲሆን ሁሉም በወግ ያልፋል።

2. ክረምቱን ለኩ

በጥር የታየ ቦርከና ያታልላል። በነሐሴ ያው ወንዝ ሌላ ነው።

ምክንያቱ ከላይ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ ዙሪያ የጣለው ዝናብ በዶሮ መዝለያ ጠባብ ገደል በኩል ተምዘግዝጎ ይወርዳል። በመንገዱ ላይ ግንዱን፣ ድንጋዩን፣ ያገኘውን ሁሉ ያነሳል። ድልድይ የሚመታው ውሃው ብቻ አይደለም፤ ውሃው የያዘው ግንድ ነው።

የጎርፉን ከፍታ ለማወቅ መስከረም ላይ ውረዱ። ወንዙ ዳር ያሉት ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ፌስታል፣ ገለባና የጨርቅ ቁራጭ ተሰቅሎ ታገኛላችሁ። የላይኛው ፌስታል የዘንድሮው ውሃ የደረሰበት ነው። ቀያሽ አምጥታችሁ ከፍታውን በመሣሪያ ለኩት፣ ፎቶ አንሱት፣ ቀን ጻፉበት። ከዚያ ዳር ላይ የሚያርሱትን አዛውንቶች ጠይቁ። «አባባ፣ በሕይወትዎ ካዩት ትልቁ ውሃ የት ደረሰ?» ሲባሉ ብዙ ጊዜ በጣታቸው አንድ ድንጋይ ወይም አንድ ግንብ ያሳያሉ። እሱንም ለኩ። በመጨረሻ መሐንዲሱ የዝናቡንና የወንዙን መረጃ ይዞ የ50 ወይም የ100 ዓመት ጎርፍ ያሰላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የ100 ዓመት ጎርፍ ማለት በ100 ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ማለት አይደለም። በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው። ድልድዩ 50 ዓመት ቢቆም፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያን ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ጎርፍ የማየት ዕድሉ 40 በመቶ ገደማ ነው። ቀላል አይደለም። ስለዚህ የድልድዩ የታችኛው አካል ከተሰላው ጎርፍ በላይ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል እላለሁ። ግንድ በሥሩ አልፎ ይሂድ። ወንዙ ውስጥም ምሰሶ አትትከሉ። አንድ ምሰሶ ገንዘብ ይቆጥባል፣ ግንድ ግን ይሰበስባል፤ ውሃው ደግሞ ዙሪያውን እየቆፈረ መሠረቱን ያራቁተዋል።

ሌላም አለ። ሽታው። ከፋብሪካዎች የሚለቀቅ ፍሳሽ በገባር ጅረቶች በኩል ቦርከና እንደሚገባ ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። የከተማው ደረቅ ቆሻሻም አለ። አፍንጫ የሚያስይዝ ወንዝ ላይ የተሠራ ድልድይ ሰው ሮጦ ያልፍበታል እንጂ አይቆምበትም። የፍሳሽ ቁጥጥሩ ከድልድዩ ጋር በአንድ ዕቅድ ይግባ። ካልሆነ ብሩ ቢቆይ ይሻላል፤ ይህን ስል ከልቤ ነው።

3. ቦታውን ቁረጡ

ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚሄድበትን ምረጡ። ጠመዝማዛው ላይ የውጭኛው ዳር በየክረምቱ ይበላል። ጠባብ ቦታ ይሻላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የከተማው ዳር ከፍ ያለበትን ፈልጉ። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ይገባችኋል።

በግራም በቀኝም ዳር መሬቱ ለምርመራ ይቆፈር። ወንዝ ያመጣው ደለል ብዙ ሜትር ሊወርድ ስለሚችል 15 ወይም 20 ሜትር ድረስ የአፈር ምርመራ ያስፈልጋል። ጠንካራ ጠጠር ላይ ያለ የሚመስል መሠረት ሥሩ ለስላሳ ጭቃ ሊሆን ይችላል። የአካባቢው መሬት ደግሞ ይነቃነቃል። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አውድሟል። ስለዚህ ድልድዩ ሁለቱ ጫፎች ላይ የሚያርፍበት መቀመጫ ሰፊ ይሁን፣ ወደ ጎንም እንዳይንሸራተት ማገጃ ይኑረው። ዋጋው ትንሽ ነው።

ከተመረጠው ቦታ በላይና በታች አሸዋ ማውጣት በጽሑፍ ይታገድ። አሸዋው ሲወጣ የወንዙ ወለል ይወርዳል፣ መሠረቱ ይጋለጣል። አሸዋ የሚያወጡት ልጆች ግን እንጀራቸው ነው፤ ሌላ ቦታ ሳይሰጣቸው እገዳው ወረቀት ላይ ይቀራል።

4. ከጫፎቹ ንደፉ

አሁን ወረቀቱን አውጡ። ወለሉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ከጎርፉ ታውቋል። የቀረው ሰው ወደዚያ ከፍታ እንዴት ይወጣል የሚለው ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ወንዙ ዳር ያለው መሄጃ ከድልድዩ ወለል በ3 ሜትር ዝቅ ይላል እንበል። በዊልቸር የሚሄድ ሰው፣ ጋሪ የሚገፋ፣ ጉልበቷን የሚያማት እናት ሁሉ በራምፕ፣ ማለትም ደረጃ በሌለው ተዳፋት መውጫ ነው የሚወጡት። የራምፕ ቁልቁለት ቢበዛ 1 ለ12 ነው። ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ለ3 ሜትር 36 ሜትር ይሆናል። በየ9 ሜትሩ ደግሞ 1.5 ሜትር ማረፊያ ይገባል። ሦስት ማረፊያ ሲጨመር 40 ሜትር ተኩል። 1 ለ20 ብታደርጉት ሰው ራምፕ ላይ መሆኑንም አይሰማውም፣ ግን 60 ሜትር ይፈልጋል። ልብ በሉ፤ ራምፑ ከድልድዩ ራሱ ሊረዝም ይችላል። መጨረሻ ላይ ሲታሰብ የሚበላሸው ለዚህ ነው። ቦታ ስለሌለ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፣ ሰው ይሰለቸዋል፣ አጥሩን ዘሎ ይወርዳል።

መፍትሔው መሬቱን መጠቀም ነው። የከተማው ዳር ከፍ ካለ በዚያ በኩል ራምፕ አያስፈልግም፤ ሰው ከመንገዱ ቀጥ ብሎ ይገባል። በወንዝ ዳር መሄጃው በኩል ደግሞ ራምፑ የወንዙን ዳር ተከትሎ፣ ውሃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይውረድ። ወራጁ እየሄደ ነው፣ ወንዙንም እያየ ነው። ከጎኑ ለቸኮለ ሰው ደረጃ ጨምሩ፤ ከፍታው 15፣ እርግጫው 30 ሴንቲ ሜትር።

ራምፑ ሥር ምን ይሆናል? ይህን የማይጠይቅ ንድፍ ብዙ ነው። ጨለማና ዝቅ ያለ ባዶ ቦታ በሳምንት ውስጥ ሽንት ቤት ይሆናል። ሥሩ ያለው ክፍት ቁመት ከ2.3 ሜትር በታች የሆነውን ክፍል በአፈር ሙሉትና በድንጋይ ግንብ ዝጉት። ወሎ ጥቁር ድንጋይ ሞልቷታል፣ ጠራቢም አላት። ከዚያ በላይ ያለውን ምሰሶ ላይ አንሱትና ክፍት ይሁን፤ ሰው በሥሩ ይለፍበት፣ ቁመቱም ከ2.3 ሜትር አይነስ።

የከተማው ጫፍ ሰውን ጭነት መኪና መሃል አውጥቶ አይጣል። ከአስፋልቱ በፊት 6 ወይም 8 ሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ ቦታ ተዉ። እዚያ ጀበና የሚያኖሩ፣ ቆሎ የሚያዞሩ ሰዎች መምጣታቸው አይቀርም። ቦታ ካልተሰጣቸው ድልድዩ አፍ ላይ ይቀመጣሉ። ከተሰጣቸው ቦታውን ያደምቁታል፣ ማታም ዓይን ይሆናሉ። ትልቅ ዋርካ ካለ ድልድዩን ሁለት ሜትር ወዲያ አድርጉት እንጂ ዋርካውን አትንኩ። ያን ጥላ በምንም ገንዘብ አታገኙትም።

5. ቅርጹን ምረጡ

ቅርጹ የሚመረጠው ጫፎቹን በሚጠቅም መንገድ ነው። የውበቱ ምሥጢር እዚህ ይመስለኛል።

ድልድዩ 40 ሜትር ይረዝማል እንበል። ይህን ያህል የሚዘረጋ ተራ የብረት ቢም (ጭነቱን የሚሸከመው አግድም ብረት) ውፍረቱ የርዝመቱ 1/25 ገደማ ነው፤ 1.6 ሜትር። ቢሙ ከወለሉ በታች ከሆነ ወለሉ ከጎርፉ በላይ በዚያ ሁሉ ከፍ ማለት አለበት። ቢሞቹን ግን ወደ ላይ አውጥታችሁ ግራና ቀኝ ብታቆሟቸው፣ ሰው በመሃላቸው ይሄዳል፣ እነሱም አጥር ይሆናሉ። ከወለሉ በታች የሚቀረው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ድልድዩ በ1.2 ሜትር ዝቅ አለ ማለት ነው። በ1 ለ12 ስሌት ይህ ከራምፑ ላይ 14 ሜትር ይቀንሳል። ብረት ዳነ፣ ገንዘብ ዳነ፣ የሰው ጉልበት ዳነ። ከሩቅ ሲታይም ቀጭን ነው።

ቅስትም እንዲሁ ነው። ወለሉን ከላይ በብረት ዘንግ አንጠልጥሎ የሚይዝ ዝቅ ያለ ቅስት፣ ከፍታው የርዝመቱ 1/6 ገደማ፣ ለ40 ሜትር 6 ወይም 7 ሜትር፣ ቦርከና ላይ ያምራል ባይ ነኝ። ከኋላ ተራራ አለ፤ ከተራራው ጋር አይፎካከርም። በረጃጅም ምሰሶና በገመድ የተንጠለጠለውን ግን ለዚህ ርዝመት አልመክርም። ጥገናው ከባድ ነው፣ ትርፉም ለፎቶ ነው።

ወለሉ ድርቅ ያለ ቀጥታ አይሁን። ፍጹም ቀጥ ያለ ወለል ለዓይን መሃሉ ወደ ታች የረገበ ይመስላል። መሃሉን 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ጫፉ ላይ ያለው ቁልቁለት 4 በመቶ ብቻ ስለሚሆን ለዊልቸር አያስቸግርም፤ የዝናቡ ውሃም ወደ ጫፍ ይፈሳል።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገር አድርጉ። ከካርቶን ሞዴል ሠርታችሁ የዕድር ስብሰባ ላይ አስቀምጡት፤ ፕላን ማንበብ የማይችል ሰው ሞዴል ሲያይ አፉ ይከፈታል፣ «ይሄ ጥግ ማታ ያስፈራል» ይላችኋል። ሁለተኛ፣ ቦታው ላይ በሁለቱም ዳር ረጅም እንጨት ትከሉና በወለሉ ከፍታ ልክ ቀይ ገመድ ዘርጉ። ሳምንት ይቆይ። ከኮምፒውተሩ ያመለጣችሁን ሁሉ ታያላችሁ።

6. ሰው ሲሞላበት

የእግረኛ ድልድይ ቀላል ጭነት ያለበት ይመስላል። አይደለም። በሰው ጢም ሲል በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ይታሰባል። 40 ሜትር በ3 ሜትር 120 ካሬ ነው፤ 60 ቶን ማለት ነው።

ከክብደቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ መወዛወዙ ነው። ሰው በሰከንድ ሁለት ጊዜ ገደማ ይረግጣል፤ ወደ ጎን የሚገፋው ደግሞ በሰከንድ አንዴ ነው። የድልድዩ የራሱ ንዝረት ከዚህ ጋር ከገጠመ እየባሰ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2000 ለንደን ላይ የተከፈተው የሚሌኒየም ድልድይ ሕዝብ ሲሞላበት ወደ ጎን መወዛወዝ ጀመረና ከሁለት ቀን በኋላ ተዘጋ። ንዝረት ማብረጃ ተገጥሞለት እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የሠሩት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም።

የኛ ደግሞ ይብሳል። ጥምቀት ታቦት አጅቦ የሚሄድ ወጣት አይራመድም፤ በሆታ እየዘለለ፣ ሁሉም በአንድ ምት እየረገጠ ነው የሚሄደው። መሐንዲሱን ይህን በቃል ጠይቁት፦ «ሁለት መቶ ሰው በአንድ ምት ቢዘልበትስ?» ወደ ላይና ወደ ታች የሚለው ንዝረት በሰከንድ ከ5 በላይ፣ ወደ ጎን የሚለው ከ2.5 በላይ ከሆነ ብዙ አያሳስብም። ከዚያ በታች ከሆነ ዝርዝር ስሌት ይታያችሁ፣ ማብረጃ የሚገጠምበት ቦታም ከወዲሁ ይዘጋጅ። ከመመረቁ በፊት ተማሪዎች ሰብስባችሁ አስዘልሉና ንዝረቱ በመሣሪያ ይለካ።

7. እጅና እግር የሚነካው

ድልድዩን ሰው የሚያውቀው በእጁ ነው። አጥሩ 1.2 ሜትር ይሁን። ዘንጎቹ ቋሚ ይሁኑ፣ በመካከላቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ክፍተት አይኑር። አግድም ዘንግ ለልጅ መሰላል ነው። መያዣው 90 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን፣ ውፍረቱ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር፤ የሴት አያት እጅ ጨብጦ የሚዞርበት። ለልጆች ሌላ መያዣ 70 ላይ ጨምሩ። ብየዳው እጅ እንዳይቧጭር በደንብ ይሞረድ። ተቋራጮች ቶሎ የሚያልፉት ይህን ነው፤ እናንተ እጃችሁን እየጎተታችሁ ዳር እስከ ዳር ሂዱበት፣ ያልለሰለሰውን አስመልሱ።

መሃል ላይ ወለሉን በአንድ በኩል በ1.5 ሜትር አስፉት። ሰው ወንዝ ሲያይ ይቆማል፤ የቆመው አላፊውን እንዳይዘጋ።

ወለሉ ሴራሚክ አይሁን፣ በዝናብ ያንሸራትታል። እንጨትም አልመክርም። ሳይደርቅ በመጥረጊያ ተጠርጎ የሻከረ ኮንክሪት ይበቃል። መግቢያው ላይ ቋሚ ብረቶች በ1.2 ሜትር ርቀት ትከሉ። ባጃጅ 1.3 ሜትር ገደማ ስለምትሰፋ አታልፍም፤ ዊልቸር ያልፋል።

መብራቱ ከመያዣው ሥር ዝቅ ብሎ ወለሉን ያብራ። ዓይን ላይ አይጣል። የብሎኖቹ ጭንቅላት እንዳይፈታ ሆኖ ይሠራ፤ ብረት ይሰረቃል።

8. ሥራውን ከወቅቱ ጋር

መሠረቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ተሠርቶ ይጠናቀቅ። ወሎ በልግ አላት፤ መጋቢት ላይ የተከፈተ ጉድጓድ ውሃ ሊሞላው ይችላል። ብረቱ በዚያው ጊዜ ወርክሾፕ ውስጥ ይበየድ፣ ለመኪና በሚመች 12 ሜትር ክፍል ክፍል ሆኖ። ቦታው ላይ በብሎን ይገጣጠምና የካቲት ሳያልቅ በክሬን ይነሳ። ሜዳ ላይ የሚደረግ ብየዳ በተቻለ መጠን ይቀነስ። የዝገት መከላከያው በውሉ ላይ ስንት ቅብ እንደሆነ በቁጥር ይጻፍ፣ «በጥራት ይቀባ» ብቻ ተብሎ አይታለፍ።

9. ከምረቃው በኋላ

በጀቱ ውስጥ የጥገና መስመር ከመጀመሪያው ይግባ። መስከረም ላይ፣ ውሃው እንደጎደለ፣ አንድ ሰው ወርዶ የሁለቱን ዳር መሠረት ይይ፤ የተቦረቦረ ካለ በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን ይሞላ። ሥሩ የተጠራቀመ ግንድ ይነሳ። የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹ ከጭቃ ይጽዱ። ብሎን ይጠብቅ፣ የተላጠ ቀለም ሳይዝግ ይቀባ። ይህን የሚያደርገው ክፍል ማን እንደሆነ በስሙ ተጽፎ ከርክክቡ ሰነድ ጋር ይያያዝ፤ የንድፉ ሙሉ ኮፒም አብሮ ይቀመጥ፣ ከ20 ዓመት በኋላ አንድ ዘንግ የሚቀይረው ሰው ልኩን ከየት ያገኘዋል?